ከአስፋልቱ ወጣ እንበል፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ በፒስታ መንገድ

(ደሴ ላይ ለብስክሌት ወዳጆችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ወላጆችም መጥታችኋል፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ዛሬ የማወራው ነገር ያለ እናንተ ፈቃድ አይሆንምና።

ነገሬን ከሐረጎ ልጀምር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ያንን ጠመዝማዛ የማያውቅ እዚህ የለም። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ደሴ የሚመጣው ጭነት የሚወጣው በዚሁ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ኩርባው ላይ ሲዞር መንገዱን ሁሉ ይይዘዋል። ሽቅብ የሚወጣው ጭሱን ይለቅባችኋል። ቁልቁል የሚወርደው ፍሬኑ ግሎ ከሩቅ ይሸታል። ብስክሌት ነጂ በዚያ መሃል ሲገባ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው በኩል ቦይ። ልጆቻችን ለብስክሌት ፍቅር ብለው እዚያ ሲወርዱ ሳይ ሆዴ ይረበሻል።

እና የምለምናችሁ ይኼን ነው፦ ከአስፋልቱ ወጣ እንበል። በዙሪያችን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚሄድ ፒስታ ሞልቷል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የተከፈተውም ብዙ ነው። አንዳንዱ ላይ ከሰውና ከአህያ በቀር ብዙ የሚያልፍ የለም። የጎደለን ስለ መንገዱ ያለን ዕውቀት ነው። የቱ ይወጣል? የቱ ሲዘንብ ይጨቀያል? የት ላይ ውሃ ይገኛል? ይህን ገበያ የሚመላለሰው ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። እኛ ነጂዎቹ ግን ጠይቀን አልጻፍነውም።

በሌላው ዓለም ይህ ዛሬ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኗል። ግራቭል ይሉታል። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ጥቂት ሰዎች በከብት ግጦሽ ኮረብታዎች መሃል የ200 ማይል ውድድር ጀመሩ፤ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ዛሬ አንባውንድ የሚባለው ያ ውድድር በሺህ የሚቆጠር ሰው ይስባል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይም በ2022 የመጀመሪያውን የግራቭል ዓለም ሻምፒዮና ጣሊያን፣ ቬኔቶ ላይ አካሄደ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ በ2021 ማሳይ ማራ አካባቢ ማይግሬሽን ግራቭል ሬስ ተጀመረ።

እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ ግን የጣሊያኖቹ የቶስካና ታሪክ ነው። እዚያ ነጣ ያለ ጠጠር የለበሱ የገጠር መንገዶች አሉ። አስፋልት ቀስ በቀስ እየዋጣቸው ነበር። ጃንካርሎ ብሮቺ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ጋዮሌ ከምትባል ከተማ የሚነሳ፣ ሌሮይካ የተባለ የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ አዘጋጀ። ሐሳቡ እነዚያ መንገዶች እንዳይጠፉ ነበር። ከዚያ በ2007 ስትራዴ ቢያንኬ የሚባለው የፕሮፌሽናሎች ውድድር ተከተለ። ዛሬ ሰው ከየአገሩ ተነስቶ የሚሄደው ያንን ጠጠር ለመንዳት ነው።

ይህን ስል የእኛ ገበሬ አስፋልት አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት በቶሎ መድረስ አለባት። እሸቱም ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ አለበት። አስፋልቱ ይምጣለት። ፒስታው እስካለ ድረስ ግን ሀብት ነውና እንጠቀምበት።

አገራችንም ለብስክሌት ባዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ብስክሌተኞች ነበሩን፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የትግራዩ ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እግር አለን፣ ሳንባም አለን። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እናንተ ሳታስቡት በዚህ ውስጥ ነው ያደጋችሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ መንገድ እንዴት ይመረጣል?

ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ልዩነቱ 650 ሜትር ያህል ነው። አስሉት፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ ሦስት ሜትር እንኳን አይሞላም። አማካዩን የሰማ ሰው «ቀላል ነው» ይላል። ዳገቱ ግን እኩል አልተከፋፈለም፤ ሐረጎ ላይ ተከምሯል። ፒስታማ ይብሳል። አስፋልት የሚሠራ መሐንዲስ ለጭነት መኪና ሲል መንገዱን ያዞረዋል። የገጠሩ መንገድ ብዙ ጊዜ የድሮውን የእግር መንገድ ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በ100 ሜትር ውስጥ 12፣ 15 ሜትር የሚያስወጣ ቦታ ይገጥማችኋል። ልል ጠጠር ላይ ከሆነ የኋላ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ያኔ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ስለዚህ መንገድ ስትጠይቁ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አትበሉ። «የተጫነ አህያ ስንት ቦታ ላይ ያርፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለ አህያው የዳገቱን ልክ ከማንኛውም ካርታ አስበልጦ ይነግራችኋል።

ሌላው ነገር አቀማመጣችን ነው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል ተቀምጣለች። ወደ ጦሳ ካልወጣችሁ ወይም ወደ ቦሩ ሜዳና ኩታበር በኩል ካልሄዳችሁ፣ ከከተማው መውጣት ማለት መውረድ ነው። ጠዋት ቁልቁል እየተንሸራተተ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ደክሞት፣ ውሃው አልቆ፣ በፀሐይ ሽቅብ ይመለሳል። ብዙ ጀማሪ ብስክሌቱን የሚጠላው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በማለዳ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭናችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ከዚያ በቀዝቃዛው ሰዓት ዳገቱን ውጡት። የምትጨርሱት ቤታችሁ አጠገብ ይሆናል።

ቀጥሎ አፈሩን ማወቅ ነው። ፒስታ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ የመጣ ጠጠራማ አፈር፣ ለብሶ በሮለር የተጠቀጠቀው ደረቅ ሲሆን ከአስፋልት እምብዛም አይተናነስም። ኮረኮንቹ፣ ትልልቁ ድንጋይ ወጥቶ የቀረው፣ እጅ ያደነዝዛል፣ ጎማም ይቆርጣል። ዋልካውን ግን ፍሩት። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ ለመንዳት የሚጥም ነው። ሲረጥብ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ሹካው ውስጥ ይሞላል፣ ጎማው መዞር ያቆማል። ከዚያ በኋላ እናንተ ብስክሌቱን ትሸከማላችሁ። በግድ ከነዳችሁት ማርሽ መቀየሪያው ይሰበራል።

ሞገድ ሞገድ የሆነው መንገድም አለ፤ ስትሄዱበት ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው። እሱ የሚመጣው ከመኪና ነው። ጎማ በደረቅ ልል ጠጠር ላይ በፍጥነት ሲሄድ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥር ጠጠሩን ወደፊት ይገፋዋል፤ የሚቀጥለው መኪና ያንኑ ጉድጓድ ያጠልቀዋል። ግሬደር ካልመጣ አይጠፋም። እናንተ ግን ዳሩን ያዙ። ሰውና አህያ የሚሄድበት ጠባብ ዱካ የተጠቀጠቀና ለስላሳ ነው።

ወቅቱም ከአፈሩ ጋር ይሄዳል። እኛ ወሎዎች ሁለት ዝናብ አለን፤ በልግና ክረምት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ሊወርድ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ደጋው ላይ ፒስታ የሚባለውን እርሱት። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መሬቱ ደርቋል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ አዝመራው ይታያል፣ ሰማዩ የጠራ ነው። ጠዋት ላይ ብርድ አለ፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ጣት ያቆረፍዳል። ጓንት አድርጉ።

መስመሮቹን ልንገራችሁ። ሁሉንም አልዘረዝርም።

ለጀማሪ በጢጣ አድርጎ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚወስደውን እመርጣለሁ። ዋናውን መንገድ ተከትላችሁ ሳይሆን በየሰፈሩና በየማሳው መሃል ባሉት የውስጥ መንገዶች። ሜዳው ሰፊ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖቱን ጉባኤ የጠሩበት ቦታ ነው። ያ ጉባኤ ለወሎ ሕዝብ፣ በተለይ ለሙስሊሙ፣ ከባድ ትዝታ ያለው ነው። የነገሥታት ሠራዊት ያሰፈረ ሜዳ ስለሆነ ስፋቱን ከዚህ ገምቱት። ልጅ ማርሽ መቀየርና ጠጠር ላይ ሚዛን መጠበቅ የሚማረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። እግሩ የጠና ደግሞ ወደ ኩታበር በኩል ይቀጥል።

የእኔ የልቤ መስመር ሐይቅ ነው። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በማለዳ በሚኒባስ ሂዱ። ከከተማዋ ወደ ውሃው ዳር ወረድ ስትሉ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ እህቶቼ ከውጭ ትጠብቃላችሁ፤ ይህን አስቀድሞ አውቆ መሄድ ይሻላል። ከዚያ ወደ አርዲቦ መውጣት ነው። አርዲቦ ሌላው ሐይቅ ነው፣ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ውሃው ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። ዳገቱ አጭር ነው ግን ይቆነጥጣል። ላይ ደርሳችሁ ዞር ስትሉ ታች ያለው ውሃ ተዘርግቶ ይታያል። እዚያ ተቀምጦ ዳቦ መብላት ነው። ብርቱ የሆነ ወደ ወረባቦ፣ ወደ ቢስቲማ በኩል መቀጠል ይችላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ያዙለት።

ገራዶ ከደሴ ወረድ ብሎ ያለ ሸጋ ሸለቆ ነው። ማሳው መሃል ያሉት ጠባብ መንገዶች ለብስክሌት ይመቻሉ። ችግሩ የነገርኳችሁ ነው፤ መመለሻው ዳገት ነው። ስለዚህ ገራዶ ስትሄዱ ውሃና ጉልበት አስተርፉ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የቦርከናን ሜዳ ይዞ ወደ ሐርቡ በኩል ያለው መሬት ሜዳማ ነው፤ እርሻ መሃል ያሉት መንገዶች ለልምምድ ጥሩ ናቸው። ሽቅብ የፈለገ የጎፍን ያያል። ጽድና ወይራው ጥላ ስለሚሰጥ በሙቀት ጊዜም ይወጣል። የጎፍ ጥበቃ ያለበት ደን ነውና ጠባቂዎቹን ሳታነጋግሩ አትግቡ። አዲስ ዱካ አታውጡ፤ ዳገት ላይ አንድ የጎማ ዱካ በክረምት ቦይ ይሆናል። ወደ ባቲ የሚወስደውን አስፋልት ግን አልመክርም። የሰኞ ገበያውን ማየት የፈለገ በመኪና ሄዶ ይይ። የሐረጎው ጭነት መኪና ሁሉ እዚያም አለ።

«ግራቭል ብስክሌት የለኝም» ብሎ የሚቀር እንዳይኖር። እሱ መሪው እንደ እሽቅድድም ብስክሌት የታጠፈ፣ ጎማው ወፈር ያለ፣ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚሆን ብስክሌት ነው። ደስ ይላል፣ ውድም ነው። እዚህ ገበያ ላይ ያለው ተራው ማውንቴን ብስክሌት ለእኛ ዳገት በቂ ነው። ሁለት ነገር ብቻ እዩለት። አንደኛ፣ የፊቱ ትንሹ ማርሽ ከኋላው ትልቁ ማርሽ ያነሰ ጥርስ ይኑረው፤ ያኔ ዳገቱን ተቀምጣችሁ ትወጣላችሁ። ሁለተኛ ፍሬኑ። የፍሬን ጎማው ያለቀ ብስክሌት ይዞ ከደሴ የሚወርድ ሰው መመለስ አለበት።

ነፋስ አታብዙ። ጎማ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ከሆነ በየጠጠሩ ይነጥራል፣ ይንሸራተታልም። በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ እሺ ይበል። ነፋሱን በጣም ከቀነሳችሁት ደግሞ ድንጋዩ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ያጣብቀውና ይበሳዋል። ደጋው ላይ ድንጋዩ ነው ጠላታችሁ፤ ቆላው ላይ የግራር እሾህና ኩርንችት። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ልጣፊ፣ ማስቲሽ፣ ፖምፓና ቁልፍ ሳትይዙ አትውጡ። ገጠር ውስጥ ጎሚስታ የለም። ለሆዳችሁ ቆሎና በሶ ይበቃል። ውሃ ቢያንስ ሁለት ሊትር።

ስለ ቁልቁለት ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው። ሱሌ ካንጋንጊን አስቡት። የኬንያው ጎበዝ ብስክሌተኛ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ልጆች በር የከፈተ ሰው ነበር። በነሐሴ 2022፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ በግራቭል ውድድር ላይ በፍጥነት ሲሄድ ወድቆ ሞተ። ልምድ ያለው ነበር። ጠጠር ልምድን አይቶ አይምርም። ስለዚህ ኩርባ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነቱን ጨርሱት፤ ኩርባው ውስጥ የፊት ፍሬን የያዘ ይወድቃል። ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ፣ ወገባችሁን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጋችሁ፣ ጉልበትና ክንዳችሁን ላላ አድርጉ። ዓይናችሁ ጎማው ሥር ሳይሆን ርቆ ይይ። ፍሬን ይዛችሁ እንዳትወርዱ፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉት፣ አለዚያ ይግላል። ሄልሜት የሌለው ቁልቁለት አይወርድም። ወላጆች፣ ይህችን አደራ በእናንተ ላይ እጥላለሁ።

ከአፈሩም ከፍሬኑም በላይ ሰዉ አለ። መንገዱ የእሱ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። ሽማግሌ ስታዩ ከብስክሌቱ ወርዳችሁ ሰላም በሉ። የወሎ ሰው ሰላምታ ሳይለዋወጥ አያልፍም። የተጫነ አህያ ከኋላ አታስደንብሩ። ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ባለቤቱ እስኪይዛት ቁሙ። ጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሁልጊዜ በተራራው በኩል ቁሙ፤ በገደሉ በኩል ከቆማችሁ ጭነቱ ገፍቶ ይጥላችኋል። ውሻ ከመጣ ውረዱና ብስክሌቱን በመካከል አድርጉ፤ ከሮጣችሁ ያባርራል። አውድማ ላይ፣ እህል ላይ አትንዱ። ሴቶችንና ቤታቸውን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ቡና ጠጡ ካሏችሁ ጊዜ ካላችሁ ግቡ። ስለ መንገዱ ከአቦል እስከ በረካ የሚነገረውን ያህል የትም አትሰሙም።

ፀጥታውንም በግልጽ ልናገር። ያሳለፍነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የምትሄዱበትን ቀበሌ ሁኔታ በዚያው ቀን ከዚያው ሰው ሳታጣሩ ከከተማ አትውጡ። «አይ፣ ዛሬ ይቅር» ከተባላችሁ ይቅር። ብቻችሁን አትሂዱ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ንገሩ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ሥራ አለ። እያንዳንዳችሁ አንድ የምታውቁትን ፒስታ ምረጡ። የተወለዳችሁበት፣ አያታችሁ ያሉበት ሊሆን ይችላል። ደብተር ላይ ጻፉት። ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? አፈሩ ምንድን ነው? ዳገቱ የት የት ነው? ድልድይ አለ ወይስ በውሃ መሻገር ነው? ውሃው በየትኛው ወር ይሞላል? የገበያ ቀኑ መቼ ነው? በዚያ ቀን መንገዱ በሰውና በከብት ስለሚሞላ መንዳት አይቻልም። ንጹሕ ውሃ የት አለ? ይህን ሰብስበን አንድ ላይ ብናደርገው ልጆቻችን ሐረጎን ትተው የሚሄዱበት ነገር ይኖራቸዋል። ስልክ ያለው ከፍታውን በጂፒኤስ ይለካ፤ የሌለው ያየውን ይጻፍ።

ንግግሩ ሲያልቅ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሱ። «ልጄ ሴት ናት። ገጠር ለገጠር በብስክሌት ስትሄድ ሰው ምን ይላል? እንዴትስ ልመናት?» አሉ።

እናቴ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው አልኳቸው። የገጠሩ ሰው መጀመሪያ ይገረማል፤ ከተላመደ ግን እንደ ልጁ ይጠብቃታል። ብቻዋን አትላኳት፤ ወንድ ልጅም ቢሆን ብቻውን አትላኩት። ከሌሎች ልጆችና ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ቦሩ ሜዳ ላይ ትጀምር። አንቱም አንድ ቀን አብረው ይምጡና መንገዱን ይዩት። የሚያልፈውን ሰው ያነጋግሩ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ይንገሯቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስታልፍ በስሟ ይጠሯታል። ጓንትና ሄልሜት ይግዙላት። ፍሬኑን ደግሞ ከመውጣቷ በፊት በእጅዎ ጨብጠው ይሞክሩት።